ትኩስ የሥጋ ሳንድዊች፦ አራት ኪሎ ወይስ ስታዲየም?

በርገር ማለቴ አይደለም። የበሬ ሥጋው ደቀቅ ተደርጎ ተከትፎ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ፣ ከነትኩሱ ዳቦ ውስጥ የሚገባውን ነው የምለው። ድሮ ለዚህ ፒያሳ ነበር የምሄደው፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ የምወዳት ቤትም አብራ ሄደች፣ እስካሁን ትናፍቀኛለች።

አሁን አንደኛዬ አራት ኪሎ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ምስጢሩ ዳቦው ላይ ነው። ሥጋው ከመጥበሻው እንደወጣ ዳቦውን ለሁለት ሰንጥቀው እዚያው መጥበሻ ላይ ይደፉታል፣ የቀረውን ቅቤና የሥጋውን ጭማቂ እየመጠጠ ጠርዙ ቀላ እስኪል ይቆያል፣ ከዚያ ነው ሥጋው የሚገባው። የጥብስ ቅጠሉ ገና በር ላይ ይሸታል። አዋዜው ለብቻው በትንሽ ሳህን ይመጣል፤ ትክክል ነው፣ አዋዜ ውስጥ ከተቀባ ዳቦውን ያላሽቀዋል።

ስታዲየም አካባቢ የሞከርኩት ግን በጣም አናደደኝ። ሥጋው ብዙ ነው፣ ግን ጠዋት ተጠብሶ የዋለ የሚመስል፣ በማይክሮዌቭ የሞቀ፤ አፍ ውስጥ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ዳቦው ደግሞ ቀዝቃዛ! ትኩስ ብሎ ጽፎ ቀዝቃዛ ዳቦ ማቅረብ ልክ አይደለም።

ካዛንቺስም አንድ ቀምሻለሁ፣ ደህና ነው፣ ጨው በዝቶበታል።

አራት ኪሎ የምትሄዱ ከሆነ ረቡዕና ዓርብን ተዉት፣ በጾም ቀን ሥጋ አይሠሩም። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ መቀመጫ የለም።