ናስ በፎቶ ቤት፦ ማክ፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ ከአንድ ሳጥን ሲቀዱ

ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ፎቶ ቤታችን ሦስት ዓይነት ኮምፒውተር አለው። ኤዲት በማክ ይሠራል፣ ህትመት ከዊንዶውስ ይወጣል፣ ሂሳብ የሚያዝበት አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ተጭኗል። ሁለት ዲስክ የሚይዝ ናስ፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በኔትወርክ የሚጋሩት የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን፣ የገዛሁት ፎቶ በፍላሽ ማመላለስ ስለሰለቸን ነው። ከክረምት ጀምሮ እየሠራ ነው፤ የጥርን ሰርግ ሁሉ ችሎታል። ዕቃውን ወድጄዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ግን ቤቱ በሙሉ «ይሄ ነገር ይጎተታል» እያለ ያማርር ነበር።

ሰው ሁሉ ጥፋቱን በማክና በዊንዶውስ አለመግባባት ላይ ነበር የጣለው። እኔን ያነቃኝ ቁጥሩ ነው። ትልቅ ቪዲዮ ስንገለብጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ይቆምና ንቅንቅ አይልም፤ ከየትኛውም ኮምፒውተር ቢሆን ያው ነው። ከፍ ዝቅ ቢል ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር። 11 እና 12 ላይ መቸከል ግን የ100 ሜጋቢት መስመር ጣሪያ ነው (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው)። ጊጋቢት፣ ማለትም የ1000 ሜጋቢት፣ መስመር 110 ሜጋባይት አካባቢ መስጠት አለበት። አይፐርፍ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለካሁት፤ ይሄ ዲስኩን ሳይነካ መስመሩን ብቻ ይፈትሻል። ያው 100 ሜጋቢት እንኳ አልሞላም። መስመሩ ራሱ እንዲህ ከሆነ የፋይል ማጋሪያ ሴቲንግ መነካካት ልፋት ብቻ ነው።

ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊች ጊጋቢት ነው፣ ናሱም እንደዚያው። የቀረው ከስዊቹ ናሱ ወዳለበት ጓዳ የሚሄደው ኬብል ነው፤ ቤቱን ስንከራይ ግድግዳው ውስጥ ያገኘነው። ጫፉን ወደ ብርሃን አስጠግቼ ሳየው ቡናማዋ ሽቦ ከማገናኛው ጥርስ አልደረሰችም። 100 ሜጋቢት በ4 ሽቦ ይሄዳል፣ ጊጋቢት ግን 8ቱንም ይፈልጋል። አንዷ ስትጎድል መሣሪያዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ 100 ይወርዳሉ። ጫፉን ቆርጠን አዲስ ማገናኛ ስንመታበት ፍጥነቱ ወዲያው 108 ገባ። ያኔ ነው ገንዘቤ የትም እንዳልወደቀ ያመንኩት።

የማክ ጣጣ ግን ለብቻው ነበር። ብዙ ፎቶ ያለበት ፎልደር ለመክፈት ይዘገያል። ናሱ ሁለት የፋይል ማጋሪያ መንገድ ይሰጣል፦ የአፕል የቆየው ኤኤፍፒና ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤስኤምቢ፤ አፕል ራሱ ከ2013 ወዲህ ዋና መንገዱ ያደረገው ኤስኤምቢን ስለሆነ አሮጌውን ዘጋሁት። ናሱ ላይ ያለውን የማክ ድጋፍም አበራሁ። አሁን ፎልደሩ ሳያስጠብቅ ይከፈታል።

ኡቡንቱው ላይ የቆየ ሴቲንግ በኤስኤምቢ 1 እንዲገናኝ ያዝዝ ነበር፤ ወደ 3 ቀየርኩት። ይሄ ለፍጥነት ብቻ አይደለም። በ2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተሰራጨው በዚያው አሮጌ ስሪት ቀዳዳ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በመስመሩ የሚያልፈው እያንዳንዱ መልእክት በመንገድ እንዳልተለወጠ በዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ ይጠይቃል፤ የናሱን ትንሽ ፕሮሰሰር ትንሽ ያደክመዋል። ማጥፋት ይቻላል፣ እኔ ግን አላጠፋሁትም። የሰው ሰርግ ነው የያዝነው።

የድሬ ሙቀት ሌላው ፈተና ነው። ናሱን ከጓዳው መደርደሪያ ወደ መሬት አውርጄ ከግድግዳ አራቅኩት። አቧራውን በየጊዜው እናራግፋለን። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) በዩኤስቢ ስለተገናኘ መብራት ሲጠፋ ናሱ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል፤ ይሄን ሳያሟሉ መግዛትን አልመክርም። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ስለሚይዙ በስህተት የጠፋ ፎቶ ከሁለቱም ይጠፋል። ስለዚህ ሌላ ቅጂ በውጭ ዲስክ ቤቴ አለ።

እስካሁን ያልተፈታው የትንንሽ ፋይሎች ነገር ነው። 4 ጊጋባይት ቪዲዮ ከደቂቃ በታች ያልፋል። ያንኑ ያህል ፎቶ ግን ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ይከፈታል፣ ይጻፋል፣ ይዘጋል። ኬብል ይሄን አይፈታውም። እኛም የቀኑን ፎቶ ማታ ሱቁ ሲዘጋ እንዲገለበጥ አድርገን እንሄዳለን።