የሐዋሳ ሽንት ቤት መጣጭ መኪኖች፦ አንድ ቢያጆ ምን ይገዛል?

ሐዋሳ ውስጥ ሽንት ቤት የሚያስመጥጥ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «በቢያጆ ስንት?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ግን ቢያጆ፣ ማለትም የመኪናው አንድ ምልልስ፣ የሚለካው የመኪናውን ሆድ እንጂ የጉድጓዱን አይደለም። ጎንና ጎኑ 1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 6,750 ሊትር ይይዛል። 8,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ በአንድ ቢያጆ ሊጨርሰው ይገባል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያልቀው ከላይ ያለው ውሃ ብቻ ነው፤ ከሥር የተጋገረው ዝቃጭ እዚያው ይቀራል፣ ባለቤቱም «ምነው በሁለት ወር ሞላ?» ይላል።

በፍጥነት በኩል አገልግሎቱን የሚያስነቅፍ ነገር የለም፤ ቱቦው ከተዘረጋ ቀጭኑ ፍሳሽ በደቂቃዎች ያልቃል። ዝቃጩ የሚቀረው በሠራተኛው ስንፍና ብቻ አይደለም። ፓምፑ ታንከሩን አየር አልባ ያደርጋል እንጂ ፍሳሹን ገፍቶ የሚያወጣው የውጭው አየር ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ይሳሳል፤ እንከን የሌለው ፓምፕ እንኳ ንጹሕ ውሃን ከ8.5 ሜትር በላይ አይስብም። የታንከሩ ቁመት፣ የቱቦው ርዝመት፣ የዝቃጩ ክብደትና ባረጀ የቱቦ መጋጠሚያ ጎማ የሚገባው አየር ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነና መኪናው ራቅ ብሎ ከቆመ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ መኪናው በተቻለ መጠን አጠገቡ ይቁም።

ጎበዝ ሠራተኛ ላዩን ግማሽ ያህል ይመጥጥና ይቆማል። ፓምፑን ገልብጦ አየር ወደ ታች ይነፋል፣ ወይም አንድ ሁለት በርሜል ውሃ አስጨምሮ በረጅም እንጨት ያማስላል፤ ጭቃው ሲቀጥን ደግሞ ይመጥጣል። ይህን የማያደርግ መኪና በርካሽ ቢመጣም ውድ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠምጥሞ እስከ ሥር ማውረድ፣ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ ቀስ ብሎ ማውጣት። የጠቆረው ቁመት ዝቃጩ ነው። ሴፕቲክ ታንክ (ፍሳሹ ገብቶ ዝቃጩ ከሥር የሚረጋበት ዝግ ታንክ) ከሆነ ዝቃጩ የፍሳሹን ጥልቀት ሲሶ ሲይዝ ማስመጠጥ ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላም፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት፣ አንዴ መለካት።

ሞዴስ፣ ፌስታል፣ ጨርቅና ሃይላንድ ቱቦውን ይዘጋሉ። ለዚህ ሠራተኛው ተጨማሪ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ በሜንጦ ብረት አንድ በአንድ የሚያወጣው እሱ ነው። ከላይ ሆኖ ያውጣ እንጂ ማንም ወደ ውስጥ አይግባ፤ እዚያ ያለው ጋዝ ሰውን ወዲያው ይጥላል። ክዳኑ ክፍት ሳለ ሲጋራም ክብሪትም አጠገቡ አይቅረብ።

ሐይቅ ዳር ላሉ ቤቶች ሌላ ጣጣ አለ። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ስለሚል ግንብ የሌለው ጉድጓድ በማግስቱ ተመልሶ ይሞላል፤ የተከፈለው ውሃ ለማስመጠጥ ነው። ፈጽሞ ባዶ ከሆነም ግድግዳው ሊናድ ይችላል። በጋ ላይ ማስጠራት ይሻላል።

መኪናው ከግቢ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደፋ የሚጠይቅ ደንበኛ ጥቂት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ቦይ ውስጥ የተደፋ ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ ውሃውን መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። የቤቶቹ ፍሳሽ ግን በሾፌሩ ሕሊና ላይ ነው፤ የተደፋበትን ቦታ የሚያሳይ ደረሰኝ መጠየቅ ነው።

ግቢ ውስጥ ለፈሰሰው፦ መጀመሪያ አመድ ነስንሶ መጥረግ፣ በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና (5 በመቶ የሆነውን) በ9 እጅ ውሃ በጥብጦ ማፍሰስና 10 ደቂቃ ያህል መተው። ቆሻሻው ሳይነሳ የፈሰሰ በረኪና ከንቱ ነው። ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

በማኅበር የሚተዳደሩ የሕዝብ ሽንት ቤቶች ዋና ችግርም ከዚሁ መኪና ጋር የተያያዘ ነው። በቀን 300 ሰው ቢገባና እያንዳንዱ 2 ሊትር ቢያፈስ 600 ሊትር ነው፤ ወደ መሬት የማይሰርግ የ9,000 ሊትር ታንክ በ15 ቀን ይሞላል። ሞልቶ ሲገነፍል ብቻ መኪና የሚጠራ ማኅበር በሩ ላይ «ዝግ ነው» ለጥፎ ተራ ይጠብቃል፤ ሕዝቡ ደግሞ አጥር ሥር ይሄዳል። ለእንዲህ ያለ ቤት መኪናው በየ12 ቀኑ እንዲመጣ አስቀድሞ መዋዋል ነው የሚያዋጣው።