ዘግይቶ የደረሰ የትራፊክ ቅጣት፦ ከፍሎ መገላገል ወይስ አቤት ማለት?

ደሴ ላይ ደብዳቤ የሚጠበቀው ከፖስታ ሣጥን ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣና ሲወርድ የሚውል የጭነት መኪና ባለንብረት ደግሞ ሣጥኑን የሚከፍተው ሲያስታውስ ነው። የቅጣት ወረቀቱ የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ እጁ ቢገባስ?

ከፍሎ መገላገል ፈጣን ነው። ጥፋቱ እውነት፣ የመዘግየቱ ጭማሪም ትንሽ ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭነት የሚጠብቅ መኪና አቁሞ ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ከቅጣቱ በላይ ያስወጣል። ደረሰኙን ማስቀመጥ ብቻ ነው።

የአቤቱታ ጉልበቱ ግን ፖስታው ላይ ነው። ቴምብሩ ላይ ያረፈው ማኅተም ደብዳቤው የተላከበትን ቀን ያሳያል። ወረቀቱ በጥቅምት ተጽፎ ማኅተሙ የታኅሣሥ ከሆነ መዘግየቱ የላኪው ነው፤ ጭማሪው እንዲነሣ መጠየቅ ያስኬዳል። ማኅተሙም የጥቅምት ሆኖ ደብዳቤው ሣጥን ውስጥ ከከረመ ክርክሩ ውኃ አያነሣም። ፖስታውን ቀድዶ የጣለ ሰውማ (ስንቱ ይጥለዋል!) ማስረጃውንም አብሮ ጥሏል። ዋናው ቅጣት በመዘግየት ብቻ ይሰረዛል ብሎ መጠበቅም የዋህነት ይመስለኛል።

እኔ ብሆን ለጥቂት ብር ጭማሪ አልሟገትም። ከበዛ ግን የፖስታውን ፎቶ ኮፒ ከማመልከቻው ጋር አያይዤ አስገባለሁ፤ ዋናውን ለማንም አልሰጥም።