ኮፐርኒከስ ማሪን፦ ከአራት ኪሎ ሆኜ ስጠቀምበት

የውቅያኖስን ሕይወትና ኬሚስትሪ በሳተላይት መረጃና በኮምፒውተር ሞዴል ማየት የምትፈልጉ፣ ኮፐርኒከስ ማሪን የሚባለውን የውቅያኖስ መረጃ ድረ ገጽ ሞክሩት። ወጪውን የሚችለው የአውሮፓ ኅብረት ነው፤ የሚመራው ደግሞ ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ያለው መርካተር ኦሽን የሚባል ድርጅት። ነፃ ነው። በኢሜይል ትመዘገባላችሁ፣ አለቀ። እዚህ አገር ሆኖ በዶላር መክፈል ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ ለሚያውቅ ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

እኔ በብዛት የምሠራው አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ነው፤ ዋይፋዩ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ግን መረጃ ሳወርድ የምፈልገውን ቦታ፣ ቀንና ጥልቀት ብቻ በፓይተን (ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ቆርጬ ስለምወስድ የዓለሙን ፋይል ሁሉ ስጎትት አልውልም። በጣም የወደድኩላቸው ይሄንን ነው።

የዓለም አቀፉ ሞዴል ፒሲስ ይባላል። ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ብረት፣ ኦክስጅን፣ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት መለኪያ)፣ ክሎሮፊል (የእጽዋት አረንጓዴ ቀለም) ያሰላል፤ የ10 ቀን ትንበያም አለው። ድረ ገጹ ላይ ያለውን የክሎሮፊል ካርታ ክፈቱ፣ ነሐሴን ምረጡና ሶማሊያ ጠረፍ ላይ ዙም አድርጉ። እኛ ጋ ክረምቱ ሲከብድ፣ እዚያ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ የላዩን ውሃ ከጠረፍ ያርቀዋል፣ በምትኩ ከሥር ቀዝቃዛና ንጥረ ነገር የበዛበት ውሃ ይወጣል፣ ጥቃቅኑ የባሕር እጽዋትም በአንዴ ይራባሉ። አረንጓዴው ከጠረፉ ተነሥቶ እዚያ በሚፈጠረው ትልቅ የውሃ አዙሪት ዳር ዳር ሲጠመዘዝ ታዩታላችሁ። በጣም ያምራል! ከዚያ ዓረብ ባሕር መሐል አንድ ነጥብ ተጫኑና ኦክስጅኑን ወደ ታች ተከተሉት፤ ከ200 ሜትር በታች ሊያልቅ ምንም አይቀረው። ሳተላይት ይሄን አያይም። የሚያየው የላዩን ቀለም ነው፣ እሱንም በክረምት ደመና ይጋርደዋል። ሞዴል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ችግሩ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ሞዴሉ ባሕሩን በካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው፤ የአንዱ ካሬ ጎን ሩብ ዲግሪ ነው፤ እኛ አካባቢ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባብ ኤል መንደብ ደግሞ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ባሕር ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገናኝበት በር በሙሉ በአንድ ካሬ ተጠቃለለ ማለት ነው! ስለዚህ ስለ ጂቡቲ ወይም ስለ አሰብ ጠረፍ ስትጽፉ ሞዴሉን ብቻ አትመኑ። እዚያው ላይ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የሳተላይት ክሎሮፊል አለ፣ የአንዱ ካሬ ጎን 4 ኪሎ ሜትር፤ ጎን ለጎን ክፈቱት። በደመና የተሸፈነው ቦታ በስሌት የተሞላበትም ያልተሞላበትም አለ፣ መጀመሪያ ያልተሞላውን እዩ። ጠረፍ ላይ ግን ሳተላይቱንም ደለል ያሳስተዋል።

የሞዴል ካርታ ይዞ «ሳተላይቱ እንዳሳየው» የሚል ጽሑፍ ሳይ ከልቤ እናደዳለሁ። የተሰላና የታየ ለየቅል ነው፤ ከካርታው ሥር የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

ስድስት ኪሎ ሆናችሁ ስለ ክረምት ዝናብ የምትሠሩ ተማሪዎችም፣ የሕንድ ውቅያኖስ የላይ ሙቀት እዚያው በዚያው አካውንት ታገኛላችሁ።