«መኪናህ ይጎትተዋል» ብለው የሸጡልኝ ትሬይለር

ዴንቨርና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች፣ ትራቨል ትሬይለር (በመኪና የሚጎተት ቤት) ለመግዛት ካሰባችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኔ 17,800 ዶላር ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ያገለገለ ነው የገዛሁት። አልጋ፣ ምድጃ፣ ሻወር፣ ሁሉ አለው። ሻጩ መኪናዬን አየና «ስንት ትጎትታለች?» አለኝ። ባለ ሦስት ረድፍ ኤስዩቪ ነች፤ መጽሐፏ 5,000 ፓውንድ ይላል። «ይሄ 4,600 ነው፤ ከኋላህ መኖሩም አይታወቅህም» አለኝ። መንጠቆውንና ሽቦውን ገጥመው፣ ለመንገድ ዝግጁ አድርገው እንዲያስረክቡኝ ሌላ 1,400 ዶላር ጨመርኩ።

4,600 የተባለው የባዶ ክብደቱ ነው። ውሃ የለ፣ ድስት የለ፣ ብርድ ልብስ የለ። 40 ጋሎን ውሃ ብቻውን ከ330 ፓውንድ ይበልጣል። ባለቤቴ ደግሞ ያለ ምጣድ ከቤት አትወጣም። (እውነቱን ለመናገር ጀበናውንና ረከቦቱን የጫንኩት እኔ ነኝ።)

እንቁጣጣሽን ላስ ቬጋስ ዘመድ ጋ ልንውል በአይ-70 ወጣን። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ማቃሰት ጀመረች። የአይዘንሃወር ዋሻ ያለው 11,158 ጫማ ላይ ነው፤ 3,400 ሜትር ግድም። እንጦጦን ያስንቃል። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሲሶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። በ30 ማይል እየተንፏቀቅን አለፍነው። ይሁን፣ ዳገት ቢያዘገይ ነው።

ጉዱ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከዋሻው እስከ ሲልቨርቶርን 8 ማይል ያህል ወደ ታች ነው። ከባድ ማርሽ አስገብቼ ጀመርኩ፤ የአባይ በረሃን የሚወርዱ ሹፌሮች እያየሁ ነው ያደግኩት። ግን ከኋላ ይገፋኛል። ፍሬን ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ፣ ለቀቅ። ግማሽ መንገድ ላይ አማቴ «ልጄ፣ ምንድነው የሚያረው?» አሉኝ። ፔዳሉ ወለል ሊነካ ምንም አልቀረው። ፍሬን የበጠሰ ካሚዮን የሚገባበት የጠጠር መንገድ እዚያ አለ፤ ምልክቱን ሳይ እጄ በላብ ራሰ። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። ከፊት ጎማዎቼ ጭስ ይወጣል። ዞሬ የትሬይለሩን ቸርኬ በእጄ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው።

የከባድ መኪና ሹፌር የሆነ ወዳጄ ጋ ደወልኩ። «ስማ ወንድሜ፣ መኪናህ ላይ ያለው ሶኬት ስንት እግር ነው?» አለኝ። ወርጄ ቆጠርኩ። አራት። «አራቱ ለመብራት ብቻ ነው» አለኝ። የትሬይለር ፍሬን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ባለ ሰባት እግር ሶኬትና መሪው አጠገብ የሚገጠም የፍሬን ኮንትሮለር ይፈልጋል። እነሱ በአዳፕተር አገናኝተው ለቀቁኝ። በ1,400 ዶላር የገዛሁት መብራት ነው።

በማግስቱ በፒክአፑ መጥቶ ወደ ዴንቨር መለሰልን። መንገዳችን ላይ ትራክ ስቶፕ ገብተን አስመዘንነው፤ 15 ዶላር ግድም ነው የሚያስከፍሉት። ትሬይለሩ 5,900 ፓውንድ መጣ። ከዚህ ከ10 እስከ 15 ከመቶ የሚሆነው መኪናው መንጠቆ ላይ ነው የሚያርፈው። የእኔ መንጠቆ የሚችለው 500 ነው፤ ያረፈበት 740።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። የሰውና የዕቃ ድምር ከዚህ አይበልጥ ይላል። የእኔ 1,150 ነው። አምስታችን 720፣ ሻንጣ 150፣ መንጠቆው ላይ 740፤ ደምሩት። ሻጩ ይህን ወረቀት አንዴም አላየውም። ወይም አይቶ ዝም ብሏል፤ ለእኔ ሁለቱም ያው ነው።

ተመልሼ ስሄድ የፈረምኩትን ወረቀት አወጡልኝ። «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ፤ መኪናዬ መቻሉን ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ» ይላል። መልሰን እንግዛህ ያሉኝ በ10,500 ነው።

ለመግዛት ከቆረጣችሁ የባዶውን ክብደት ተዉት፤ ትሬይለሩ ላይ የተለጠፈውን፣ ሞልቶ የሚፈቀደውን ቁጥር ይዛችሁ አስሉ። ከግቢው ሳትወጡ በዝግታ እየነዳችሁ የኮንትሮለሩን መጫኛ በእጅ ጫኑት፤ ትሬይለሩ ብቻውን ሊይዛችሁ ይገባል። ካልያዘ ብር አትክፈሉ። ጎማውንም እዩ፤ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። የእኔ 2316 ይላል፤ የ2016 23ኛ ሳምንት። ጎማው አዲስ ነው ተብዬ ነበር።

ትሬይለሩ አሁን በወር 90 ዶላር እየከፈልኩበት ቆሟል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ሊገዛ መጣ። ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት «እስቲ የመኪናህን በር ክፈትልኝ» አልኩት። 980 ይላል። ቡና ጠጥቶ ሄደ።