«ነምበር 96» በዲቪዲ፦ ጎንደር ሆኖ ለሚያየው

«ነምበር 96» የድሮ የአውስትራሊያ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ከአውስትራሊያ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ዲቪዲውን ቢያስይዝ አይቆጭም። አምብሬላ የተባለው ድርጅት ያወጣው ይህ ዲቪዲ የድራማውን መጀመሪያ ክፍሎችና የ1975ቱን (እ.ኤ.አ.) የቦምብ ታሪክ አንድ ላይ ይዟል። ድራማው ሲድኒ ውስጥ በአንድ አፓርታማ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ጣጣ ነው፤ ከ1972 እስከ 1977 ድረስ 1218 ክፍል ሄዷል። ግብረ ሰዶማዊውን ጠበቃ ዶንን እንደማንኛውም ጎረቤት ማሳየቱ፣ እርቃንም መድፈሩ በዘመኑ አገር አነጋግሯል። ልጆች ባሉበት የሚከፈት አይደለም።

ገንዘቡን የሚያወጣው ጥቁርና ነጩ ክፍል ነው። ያኔ ቴፕ ቆርጦ መቀጠል ውድ ስለነበር ትዕይንቱ በአንድ ትንፋሽ ይቀረጻል፤ ተዋናዩ ቃል ቢያደናቅፈው እንኳ ይቀጥላል። በር ሲዘጋ ግድግዳው ሲነቃነቅ ልብ ብላችሁ እዩት። ከውጭ የሚታየው ፎቅ ዉላራ ሰፈር ያለ እውነተኛ ቤት ነው (በታሪኩ ፓዲንግተን ነው የሚባለው)፤ ውስጡ ግን ስቱዲዮ ነው። ቴፑ እየተደመሰሰ ሌላ ፕሮግራም ስለተቀዳበት ከጥቁርና ነጩ የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው።

በድራማው ውስጥ ቦምቡ የፈነዳው ተመልካች እየቀነሰ ሲመጣ ነው። የምግብ ሱቁን ባለቤቶች አልዶንና ሮማን ጨምሮ የለመድናቸው ሰዎች በአንድ ምሽት ተጠረጉ። ማን እንዳፈነዳው አንናገርም።

አሁን ወደ ማጫወቱ። ከመክፈላችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን የዞን ቁጥር (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚናገረውን) እዩ። አውስትራሊያ 4 ናት፣ እኛ 5 ነን፤ ዞን የማይመርጥ ማጫወቻ ካላችሁ ችግር የለም። ኮምፒውተር ላይ ግን ዞን መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ዝም ብላችሁ አትንኩት። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ አግድም መስመር ከታየ ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ የድሮ ቪዲዮ አንዱን ምስል ለሁለት ከፍሎ ስለሚቀርጽ ነው። ቪኤልሲ በተባለው የኮምፒውተር ቪዲዮ ማጫወቻ ላይ «ዲ» (D) የምትለውን ቁልፍ ተጫኑ።

ወደ ፍላሽ ስትገለብጡ ቪኦቢ የሚባለውን የዲቪዲውን ቪዲዮ ፋይል የማያነብ ሪሲቨር ስላለ ወደ ኤምፒ4 መቀየር ይሻላል። መብራት ከሄደ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል፤ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ይሁን። የቴሌቪዥኑን የምስል ቅርጽ 4፡3 (የድሮው ቴሌቪዥን ቅርጽ) ላይ አድርጉት፣ አለዚያ የሁሉም ፊት ይሰፋል።