ለመዋጥ የሚቸገር ሰው አፉን ፈንገስ ሲይዘው የቱን እንግዛ? ኒስታቲን፣ ማይኮናዞል ጄል ወይስ ፍሉኮናዞል

ከጥቁር አንበሳ ወጥታችሁ ቸርችል ጎዳና ላይ ወደ ፒያሳም ውጡ ወደ ለገሃርም ውረዱ፣ "የአፍ ፈንገስ መድሃኒት" ስትሉ በብዛት የሚጠሩላችሁ እነዚህ ሶስቱ ናቸው። ዋጋው ከነማ ፋርማሲ ሌላ የግሉ ሌላ ስለሆነ እዛው ጠይቁ፣ ግን ስትሮክ ለመታው ወይ ፓርኪንሰን ላለበት ሰው ከሆነ የምትገዙት ከዋጋው በፊት አንድ ነገር እዩ፦ ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል ወይ?

ኒስታቲን ፈሳሽ ነው። ወደ ደም የሚገባው ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ብዙ መድሃኒት ለሚወስድ ሰው ከሶስቱም ሰላማዊው እሱ ነው። ችግሩ አወሳሰዱ ላይ ነው፣ አዋቂ በቀን 4 ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሚሊ አፉ ውስጥ ይዞ አጉመጥምጦ መዋጥ አለበት፣ ትን ለሚለው ሰው ደግሞ ይሄ ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ነርስ ጠይቃችሁ መቀባት ይሻላል፦ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ጣታችሁ ላይ ጎዝ ጠቅልሉና መድሃኒቱን ነክራችሁ የጉንጩን ውስጥ፣ ምላሱንና ላንቃውን ቀስ እያላችሁ ቀቡት፣ የሚንጠባጠብ እስኪሆን ግን አትንከሩት። ብዙዎቹ የኒስታቲን ፈሳሾች ውስጥ ስኳር አለ፣ ስኳር በሽታ ካለ ካርቶኑን አንብቡ።

ማይኮናዞል ጄል ስለሚጣበቅ ለመቀባት ከኒስታቲን ይመቻል፣ እውነት ነው። ግን አንዴ ብዙ ካደረጋችሁት ጉሮሮ ላይ ተሰብስቦ ያንቃል፣ ከ4 ወር በታች ላለ ህፃን የማይሰጠውም ለዚህ ነው፣ መዋጥ ያቃተው አዋቂም ላይ ያው ስጋት አለ። ሌላው ደግሞ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድሃኒት) ነው፣ ከጄሉ ጋር ሲገናኝ ከባድ መድማት ያመጣል፣ እባካችሁ የሚቀባ ነው ብላችሁ አትናቁት።

ፍሉኮናዞል በቀን አንዴ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም ለ7 እስከ 14 ቀን፣ የሚሰራውም በደም በኩል ነው። በሽተኛው ሲውጥ ደረቱ ውስጥ ካመመው ፈንገሱ ወደ ምግብ መውረጃው ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ደግሞ የሚቀባ ነገር አይደርስም፣ ህክምናውም ከ14 እስከ 21 ቀን ይሄዳል፣ ስለዚህ ፋርማሲ ሳይሆን ሐኪም ጋ ሂዱ። ካፕሱል ለማይወርድለት ሽሮፕ አለው፣ በአፍንጫ ቱቦ ለሚመገብም በቱቦው ይሰጣል። የሚያሳስበኝ ከሌሎች መድሃኒቶች ጋር ያለው ነገር ነው፦ ዋርፋሪን፣ ግሊቤንክላማይድ (የስኳር በሽታ መድሃኒት፣ ስኳሩን ከመጠን በላይ ሊያወርደው ይችላል)፣ ፌኒቶይን (የሚጥል በሽታ መድሃኒት)፣ ሲምቫስታቲን (የኮሌስትሮል መድሃኒት)... ስትሮክ ያለበት ሰው ቤት ከነዚህ አንዱ አይጠፋም እኮ! ኩላሊቱ ከደከመም መጠኑ ይቀነሳል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ትን የሚለውና አፉ በሙሉ ነጭ የለበሰ ከሆነ፣ ሌሎቹ መድሃኒቶቹ ከፈቀዱ የፍሉኮናዞል ሽሮፕ። ትንሽ ነገር ከሆነና ዋርፋሪን ላይ ካለ የሚቀባ ኒስታቲን። ጄሉን ለእንደዚህ አይነት በሽተኛ መጨረሻ ላይ ነው የማስበው። ለማንኛውም የሚወስዳቸውን መድሃኒቶች በሙሉ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱና ለፋርማሲስቱ አሳዩት።

ሰው ሰራሽ ጥርስ ካለው ማታ ማታ ይውለቅና በደንብ ይታጠብ፣ ካለበለዚያ ፈንገሱ ከዛው ይመለሳል። ክሎርሄክሲዲን (ጀርም የሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ) የሚጉመጠመጥ ከሆነ ከኒስታቲኑ ጋር በተመሳሳይ ሰዓት አታድርጉት፣ ኒስታቲኑን ያከሽፈዋል። ድኖ ድኖ ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግለት።